የቻይና የተራራና የውሃ ሥዕል፦ ሰዎቹ ለምን እንዲህ አነሱ?

ጠይም ደመና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

የምሠራው ቻይናዎች ጋር ነው፣ አስተርጓሚ ነኝ። ስብሰባ ክፍላችን ውስጥ፣ ከአለቃችን ወንበር ጀርባ፣ ግድግዳውን የሞላ ሥዕል አለ። ተራራ፣ ጉም፣ ፏፏቴ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፊቱ ተቀምጫለሁ። አይቼዋለሁ ማለት ግን አልችልም። ባለፈው ሳምንት ስብሰባው ዘግይቶ ብቻዬን ስጠብቅ ከታች በቀኝ ጥግ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። ጥፍር ያህላሉ። የተጫኑ እንስሳት እየነዱ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው።

አንድ ቻይናዊ ባልደረባዬን ብጠይቀው «ሻንሹይ ነው» ብሎኝ አለፈ። ሻን ተራራ፣ ሹይ ውሃ መሆኑን አውቃለሁ። ማወቅ የፈለግሁት ሌላ ነው። ሰዎቹ ለምን እንዲህ አነሱ? በሰዎቹና በተራራው መሐል ያለው ቦታስ ለምን ባዶ ተተወ? ሠዓሊው ሳይጨርሰው ቀርቶ ነው ወይስ ሆን ብሎ?

የሐር መንገድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ ጠይም ደመና፣ ከገለጻሽ ስገምት ግድግዳችሁ ላይ ያለው ፋን ኳን የሚባል የጥንት ቻይናዊ ሠዓሊ ሥዕል ቅጂ ነው። ስሙ «በተራሮችና በጅረቶች መሐል የሚጓዙ መንገደኞች» ነው። ዋናው ታይፔይ ከተማ፣ ብሔራዊው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በ1000 አካባቢ በሐር ላይ የተሣለ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ቁመቱ 206 ሳንቲሜትር ነው። ከፊቱ ብትቆሚ ጫፉን ለማየት ቀና ማለት አለብሽ። ከሥዕሉ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ የያዘው ያ አንድ ተራራ ነው።

ያገኘሻቸው ሰዎች በእኛ ቋንቋ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። አጋሰስ ጭነው ሩቅ አገር የሚሄዱ።

አንድ ነገር ሞክሪ። ነገ ስትገቢ ሰዎቹን በጣትሽ ከልያቸው። ተራራው ወዲያው ያንሳል። ጣትሽን ስታነሺ ገደሉ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ፋን ኳን የተራራውን ቁመት የነገረን በእነሱ ነው።

ደግሞ ይህን ዓይነት ሥዕል ቆመው አይተውት አይሄዱም፤ ይገቡበታል። ከታች ከሲራራው ጋር ትነሺያለሽ። የጅረቱን ድምፅ ትሰሚያለሽ። በቀኝ በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ ዛፎቹ መሐል የቤተ መቅደስ ጣሪያ ብቅ ይላል። «እዚያ ባርፍ» ትያለሽ። ከዚያ ጉሙ ይመጣና መንገዱ ይጠፋል። ከጉሙ ማዶ ተራራው ፊትሽ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፏፏቴው እንደ ነጭ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። እኔ ሥዕሉን ታይፔይ ያየሁ ቀን እዚያ ጉም ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቆሞ ነበር።

ከፋን ኳን በኋላ ጉዎ ሺ የሚባል የቤተ መንግሥት ሠዓሊ መጣ። በ1072 የሣለው «የጸደይ መባቻ» እዚያው ሙዚየም ውስጥ አለ። ትምህርቱን ልጁ ሰብስቦ በጽሑፍ አቆይቶልናል። አንዳንዱን ተራራ ያልፉበታል ይላል፤ አንዳንዱን ከሩቅ ያዩታል፤ አንዳንዱ ውስጥ ይንሸራሸሩበታል፤ አንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ይኖሩበታል። ለሥዕል የሚመረጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሰው በሥራና በወላጆቹ ኃላፊነት ከተማ ውስጥ ታስሮ ይኖራል፤ ልቡ ግን ጫካና ምንጭ ይናፍቃል። ጥሩ ሥዕል ከቤቱ ሳይወጣ ያደርሰዋል።

ስለ ባዶው ቦታም የእሱ መልስ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ተራራ ከፍ እንዲል ከፈለግህ ሁሉንም አታሳይ፤ ወገቡን በጉም እሰረው፣ ያኔ ከፍ ይላል። ወንዝም እንዲርቅ ከፈለግህ እየደበቅህ አሳየው። ስለዚህ ሥዕሉ አልቋል እህቴ። ባዶው ቦታ ጉም ነው።

ኮረብታ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ግን በግልጽ ልናገር። ለእኔ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። ተራራ፣ ጥድ፣ ጉም፣ ጎጆ። አንድ ሺህ ዓመት ሙሉ ያንኑ። ጥላ የለም፣ ቀለም የለም። የት ቆሜ እንደማይም አላውቅም፤ ከላይ ነው ከታች? የተማርኩት ሥነ ሕንፃ ነው። መስመሮቹ ሩቅ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ካላየሁ ዓይኔ አያርፍም። የሚያስረዳኝ ካለ ከልቤ እሰማለሁ።

ምዕራብ ሐይቅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ኮረብታ ወንድሜ፣ ሃንግዡ ለትምህርት የሄድኩ ሰሞን እኔም እንደዚሁ ነበር የሚሰማኝ። ዓይኔ የተከፈተው ብሩሽ ስይዝ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያሣሉኝ ድንጋይ ብቻ ነው። ዛፍ የለም፣ ውሃ የለም። ድንጋይ።

የድንጋይ ገጽ የሚሣልበት ምት «ትሱን» ይባላል። ቃሉ በብርድ የተሰነጣጠቀ ቆዳ ማለትም ነው። እጅህ በብርድና በነፋስ ሲሰነጣጠቅ እንደሚሆነው፣ ተራራም ቆዳ አለው። ፋን ኳን ዐለቱን የሠራው የዝናብ ጠብታ በሚመስሉ እጅግ ብዙ ትናንሽ ምቶች ነው። ሰሜን ነበር የኖረው፤ ዐለቱ ጠንካራና ደረቅ ነው። ሊ ታንግ በ1124 የጥድ ሸለቆ ሲሥል ምቱ መጥረቢያ የፈለጠው ይመስላል። ወደ ደቡብ ስትወርድ ደግሞ ኮረብታው አፈር የለበሰና ለስላሳ ነው። እዚያ የተበተነ ቃጫ የሚመስል ረጅም፣ ልል መስመር ታገኛለህ። ይህን ካወቅህ በኋላ ሁለት ሥዕል አንድ አይመስልህም። አንዱ ተራራ ሲነካ እጅ ይቧጭራል፣ አንዱ ይለሰልሳል።

የት እንደምትቆም ለጠየቅኸው፦ አንድ ቦታ አትቆምም። ጉዎ ሺ ሦስት ዓይነት ርቀት አለ ይላል። ከሥር ሆነህ ጫፉን ቀና ብለህ ስታይ «ከፍ ያለ ርቀት» ነው። ከፊት ካለው ተራራ አሻግረህ ከኋላው ያለውን ስታይ «ጥልቅ ርቀት»። ከቅርብ ኮረብታ ላይ ሆነህ ሜዳውንና ሩቁን ስታይ «ሜዳማ ርቀት»። አንድ ሥዕል ውስጥ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ምክንያቱም እየሄድክ ነው። ተራራ ስትወጣ አንድ ቦታ ቆመህ አታየውማ።

ረጅሙ ጥቅልል ላይ ይህ በደንብ ይታያል። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ሙሉውን ዘርግተው ያሳዩናል እንጂ የተሠራው ለዚያ አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ አድርገህ፣ በግራ እጅህ እየፈታህ፣ በቀኝህ እየጠቀለልክ፣ አንድ ክንድ ያህል ብቻ እየገለጥክ ነው የምታየው። ከቀኝ ወደ ግራ። ያለፍከው ይዘጋል፣ የሚመጣውን አታውቅም።

የብራና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡30

ምዕራብ ሐይቅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቀለሙ ንገረን እስቲ። እኔ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ከድስት ሥር ጥቀርሻ ፍቀን፣ ከተቆላ እህል ጋር ወቅጠን፣ በውሃ ለወራት አቆይተን ነበር ለብራና የምንጠቀምበት። የእነሱስ?

ምዕራብ ሐይቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ጋሼ፣ የእነሱም ጥቀርሻ ነው። የጥድ እንጨት አንድደው ጭሱን ያጠራቅማሉ። ከቆዳ ከሚወጣ ሙጫ ጋር ደጋግመው ይቀጠቅጡታል። በቅርጽ ውስጥ ይጫኑትና ያደርቁታል፤ እንደ ከሰል ዱላ ይሆናል። ሠዓሊው የሚሣልበት ዕለት በድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ አድርጎ ይፈጨዋል። መምህርቴ ይህን ሳላደርግ ብሩሽ እንድነካ አይፈቅዱልኝም ነበር። ስፈጭ ልቤ ይረጋ ነበር፤ እሳቸውም የሚፈልጉት ያንን ይመስለኛል።

ያ አንድ ጥቁር በውሃው መጠን ይለወጣል። «ቀለም አምስት መልክ አለው» ይላሉ። ከድፍን ጥቁር እስከ ትንፋሽ ያህል ግራጫ።

ወረቀቱ ደግሞ ሹዋን ይባላል። በአንሁይ ክፍለ ሀገር ከአንድ ዓይነት ዛፍ ልጥና ከሩዝ ገለባ ይሠራል። አሠራሩን ዩኔስኮ በ2009 መዝግቦታል። ጥሬው ሹዋን ቀለሙን እንደነካ ይመጠዋል። ማጥፋት የለም፣ መደረብም አያድንም። እጅህ ካመነታ ማመንታቱ እዚያው ይቀራል።

የብራና ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ብራና እንኳ ይፋቃል። ይህ ግን ጭራሽ ምሕረት የለውም። አመሰግናለሁ ልጄ።

ሰማያዊ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

«ቀለም የለም» ለሚለው እኔ ልመልስ፤ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ኮረብታ፣ ዋንግ ሺሜንግ የሚባል ልጅ በ1113 የሣለውን ፈልገህ እይ። «አንድ ሺህ ሊ ወንዞችና ተራሮች» ይባላል፤ ሊ የርቀት መለኪያቸው ነው። ቤይጂንግ ያለው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ውስጥ ነው። ቁመቱ 51 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ ወደ 12 ሜትር፣ ያውም በአንድ ወጥ ሐር ላይ። ተራሮቹ ከታች ቡናማ ሆነው ወደ ላይ አረንጓዴ፣ ጫፋቸው ላይ ደግሞ የሚያበራ ሰማያዊ ይሆናሉ። ቀለሙ የተፈጨ ማዕድን ነው፤ ሁለቱም የመዳብ ድንጋዮች ናቸው። ለዚህ ነው ከ900 ዓመት በኋላም ያልደበዘዘው።

ልጁ 18 ዓመቱ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሁይዞንግ ራሱ እንዳስተማረው፣ ሥዕሉንም ከግማሽ ዓመት ባነሰ ጊዜ እንደጨረሰ ሥዕሉ መጨረሻ ላይ ባለሥልጣኑ ጻይ ጂንግ ጽፎለታል። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ምንም አይሰማም። በወጣትነቱ ሞተ ይባላል። ሌላ ሥራ አልቀረለትም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1127፣ የሰሜን ሱንግ መንግሥት ራሱ ወደቀ፤ ሁይዞንግም ተማርኮ ተወሰደ። ያ ሁሉ ሰማያዊ የተሣለው ከዚያ በፊት በነበሩት የመጨረሻ የሰላም ዓመታት ነው። እኔ ይህን እያሰብኩ ነው የማየው፤ ከአሳ አጥማጆቹ ጀልባና ከድልድዩ ላይ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል።

ጠይም ደመና | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አለቃችንን ጠየቅኋቸው። ሥዕሉ ለምን ከወንበራቸው ጀርባ እንደተሰቀለ ሲነግሩኝ «ካኦሻን» አሉኝ። ቃል በቃል «የሚደገፉት ተራራ» ነው። በንግግር ግን ከኋላ ሆኖ የሚያቆምህን ሰው ማለት ነው። እኛ ደጀን የምንለው። ተራራ ከጀርባ ሲሆን ደጀን ነው፣ ውሃው ደግሞ ገንዘብ ነው ይላሉ። ስለዚህ ውሃው ወደ በሩ እንዲፈስ አድርገው አይሰቅሉትም፤ ወደ ክፍሉ ውስጥ መምጣት አለበት።

ሲራራዎቹን ግን አይተዋቸው አያውቁም ነበር። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ተጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አያታቸው ሻንሺ ውስጥ በበቅሎ ጨው ያመላልሱ እንደነበር ነገሩኝ። አብረን በሠራንባቸው ሦስት ዓመታት ስለ ቤተሰባቸው ሲያወሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጣቴን አድርጌም ሞከርኩ። እውነት ነው፣ ተራራው ያንሳል።

የሐር መንገድ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህን በማንበቤ ደስ ብሎኛል። ከሲራራው ኋላ ያሉትን ቅጠሎችም ልብ ብለሽ እዪ። የፋን ኳን ፊርማ እዚያ ነው ያለው። በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው ሳያየው ኖሮ በ1958 አንድ የሙዚየሙ ተመራማሪ ነው ያገኘው። ያን የሚያህል ተራራ ሠርቶ ስሙን ከአጋሰሶች ኋላ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አስቀመጠ።

ኮረብታ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ሰማያዊ፣ የጠቆምከኝን ሥዕል ትናንት ማታ አጉልቼ እስከ ሌሊት አየሁት። ቀለም የለም ያልኩትን መልሻለሁ። የመንገዶቹን አሠራር አይታችኋል? ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእርግጥ መድረስ ይቻላል። ድልድዩ ላይ ያለው ቤት አምዶቹ ሳይቀሩ ልክ ናቸው።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። መቅዳቱ። ትልልቅ ሠዓሊዎች ሳይቀሩ የጥንቶቹን ሥራ መልሰው ይሥላሉ። ይህ ፈጠራን አይገድልም?

የብራና ልጅ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡00

ልጄ፣ እኛ ዳዊት ሳንደግም ቅኔ አልቆጠርንም። የመምህሩን መንገድ በቃል ይዘን ነው የራሳችንን የዘረፍነው።

ምዕራብ ሐይቅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ እንዳሉት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ሺዬ ሄ የሚባል ሰው ለሥዕል ስድስት መርሆች አስቀምጧል። የመጨረሻው የቀደሙትን መቅዳት ነው። የመጀመሪያው ግን ሥዕሉ እስትንፋስ ይኑረው የሚል ነው። ቅጂው መማሪያ ነው፤ ሚዛኑ ግን እስትንፋሱ ነው።

ስለ መቅዳት ከተነሳ «የፉቹን ተራሮች» የሚባለውን ሥዕል ታሪክ ሳልነግራችሁ አልተኛም።

ሁዋንግ ጎንግዋንግ ወጣት ሳለ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር። ታስሮ ተፈታ፣ ከዚያ የዳኦ ሃይማኖተኛ ሆነ። በ1347፣ ዕድሜው ወደ ሰማንያ ሲጠጋ፣ ከሃንግዡ በላይ ያለውን የፉቹን ወንዝ መሣል ጀመረ። የሚሣለው ዉዮንግ ለሚባል የሃይማኖት ጓደኛው ነበር። አልቸኮለም። ጥቅልሉን በጉዞው ይዞት ይዞራል፤ ልቡ ሲነሳ ጥቂት ይጨምርበታል። ሦስት አራት ዓመት አለፈ። ጓደኛው ሰው አታሎ ይወስድብኛል ብሎ ሰጋና፣ ሥዕሉ ሳያልቅ ስሜን ጻፍልኝ አለው። ሽማግሌውም በ1350 ይህንኑ ሁሉ ጥቅልሉ ላይ ጻፈለት። አሁንም ይነበባል።

ስጋቱ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ደረሰ። በ1650 ዉ ሆንግዩ የሚባል ሰብሳቢ ሊሞት ሲል ሥዕሉ አብሮት እንዲሄድ ፈለገ። እሳት ውስጥ እንዲጣል አዘዘ። የወንድሙ ልጅ ሌላ ጥቅልል ወርውሮ ይህን ከእሳቱ መነተፈው። ግን ተቃጥሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አጭሩ ቁራጭ 51 ሳንቲሜትር ነው፤ ሃንግዡ፣ ዠጂያንግ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ረጅሙ ከ6 ሜትር በላይ ነው፤ ታይፔይ ነው ያለው። በመሐላቸው ባሕር አለ፤ ከባሕሩ የሚበልጥ ፖለቲካም አለ። በ2011 ሃንግዡ ቁራጯን ላከችና ታይፔይ ውስጥ ጎን ለጎን ተዘረጉ። ከ360 ዓመት በኋላ። እኔ ቁራጯን ሃንግዡ ውስጥ ለእይታ በወጣች ጊዜ ነው ያየኋት። አንድ ጉብታ ኮረብታ፣ ጥቂት ዛፎች፣ ውሃ። ሽማግሌው እጁን ሳያስጨንቅ ነው የሠራት። ከፊቷ ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ወደ መቅዳቱ። በ1745 ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ የዚህን ሥዕል ቅጂ አገኘና ዋናው መሰለው። በጣም ስለወደደው ደጋግሞ እያወጣ ከ50 በላይ ጽሑፍ ጻፈበት፤ ባዶ ቦታ ጠፋ። በዓመቱ እውነተኛው መጣ። ቅጂ ነው ብሎ ወደ ግምጃ ቤት አስገባው። በዚህ የተነሳ የሁዋንግ ጎንግዋንግ ውሃና ሰማይ ከሞላ ጎደል ሳይነካ ቀረልን።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከሌሊቱ 7፡30

ከአሜሪካ ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ፦ ናሽናል ሞል ላይ ያለው የፍሪር ሙዚየም ጥሩ የቻይና ሥዕል ስብስብ አለው። መግቢያው ነጻ ነው። ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ሐር ብርሃን ስለሚጎዳው ሥዕሎቹን እየቀያየሩ ነው የሚያወጡት፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንደወጣ እዩ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሰው ጭራሽ የሌለበትስ አለ?

የሐር መንገድ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አለ። የኒ ዛን። በ1372 የሣለው የሮንግሺ ቤት ሥዕል በወረቀት ላይ ነው። ከታች ጥቂት ቀጫጭን ዛፎች፣ በአራት ቋሚ የቆመች ባዶ ዳስ። ከሩቅ ዝቅ ያለ ኮረብታ። በመሐላቸው ያለው ሰፊ ውሃ ብሩሽ ያልነካው ወረቀት ነው። ሞገድ የለም፣ ጀልባ የለም። ሀብታም ቤት ነበር የተወለደው። ቻይናን ይገዙ የነበሩት የሞንጎሎች ዘመን ሲናጥ ንብረቱን ትቶ በታይ ሐይቅ አካባቢ በጀልባ ብዙ ዓመት ኖረ።

ፋን ኳን ሰውን ያሳነሰው ተራራውን ለማሳየት ነው። ኒ ዛን ዳሷን ትቶ ሰውየውን አወጣው። እኔ ዳሷን ባየሁ ቁጥር ማን ተነስቶ እንደሄደ አስባለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡00

አገኘሁት፣ አየሁት። ቃል የለኝም።

ጠይም ደመና | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ዛሬ ስብሰባው ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ገባሁ። የቤተ መቅደሱን ጣሪያ አገኘሁት፣ ልክ በቀኝ ዛፎቹ መሐል። ሲራራዎቹ እሱን የሚያዩት አይመስለኝም፤ ገደሉ ይጋርዳቸዋል። እኔ ግን አያለሁ። አለቃችንም ቀድመው ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ፏፏቴው የት እንደሚወርድ በጣታቸው እየተከተሉ ጉሙ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ኮረብታ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡45

ፊርማውንስ አገኘሽው?

ጠይም ደመና | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡52

ገና ነኝ። ጥጉ ላይ ብርሃን አይደርስም። ሰኞ ባትሪ ይዤ እገባለሁ።